አራቱ የጨው ኬላዎች፦ ስለ ሽንት ማሸኛ መድኃኒቶች ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከመሐል ከተማ የደረሱን ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ አዘንብለዋል፦ ላሲክስ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ስፓይሮኖላክቶን። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ከእነዚህ አንዱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አይጠፋም። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። የጠቀስናቸው መጠኖች የተለመደውን ለማሳየት ናቸው፤ የእናንተን መጠን የሚወስነው ካርዳችሁን የያዘው ሐኪም ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ልቧ ደክሟል ተብላ ጠዋት ጠዋት ላሲክስ 40 ሚሊ ግራም ትወስዳለች። ከዋጠች በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ሽንት ቤት ስትመላለስ ትቆያለች፤ ማታ ግን እግሯ ያው እንዳበጠ ነው። ሐኪሙ ደግሞ በቀጠሮ በሄድን ቁጥር «ጨው ቀንሱ» ይለናል። መድኃኒቱ ጨው የሚያስወጣ ከሆነ የምግቡ ጨው ምን አስጨነቀው? አልጫ አድርገን ስንሰጣትም አትበላልንም። (ከደጃች ውቤ ሰፈር)

መልስ፦ እህታችን፣ የሐኪሙ ምክር ከኪኒኑ እኩል ይመዝናል። ለምን እንደሆነ ለማየት ኩላሊት ውስጥ ገባ ማለት ያስፈልጋል።

አንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ከእያንዳንዱ ማጣሪያ ሥር ከክር የቀጠነ ቱቦ ይነሣል። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው ወደ እነዚህ ቱቦዎች ይለቃሉ። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟው ሶዲየም በገበታ ጨው ቢሰላ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ ይህ የአንድ ቀን ብቻ ነው። እንዳለ ቢወጣ ሰው አይተርፍም። ስለዚህ ቱቦው ከመቶ ከ99 እጅ በላይ የሚሆነውን ለደም ይመልሳል፤ ከሽንት ጋር የሚወጣው ትራፊው ነው።

መመለሱ አንድ ቦታ ላይ አያልቅም። በድሮው የሲራራ ንግድ አሞሌ ጭኖ ከአፋር ቆላ የተነሣ ነጋዴ በየኬላው እየተቀረጠ ነበር ደጋ የሚደርሰው። የኩላሊት ቱቦም አራት ኬላ አለው፤ በየኬላው ከፈሳሹ ጨው ይቀረጣል፣ የተቀረጠውም ወደ ደም ይገባል። አንደኛው ከማጣሪያው ሥር ያለው ጥምዝምዝ ቱቦ ነው፤ 65 ከመቶ ያህሉን ይወስዳል። ሁለተኛው፣ ቱቦው ወደ ኩላሊቱ እምብርት ወርዶ፣ ታጥፎ ሽቅብ ሲወጣ የሚገኘው ወፍራም ክፍል ነው፤ 25 ከመቶ ይወስዳል። ሦስተኛው 5 ከመቶ፣ መጨረሻ ያለው መሰብሰቢያ ቱቦ ደግሞ 2 ወይም 3 ከመቶ ይወስዳሉ። ውሃው ጨው የሄደበትን ይከተላል። ዛሬ የምናወራባቸው መድኃኒቶች ውሃ የሚገፉበት ጉልበት የላቸውም፤ አንዱን የጨው ኬላ ይዘጋሉ፣ ሳይቀረጥ ያለፈው ጨው ውሃውን ይዞት ይወርዳል።

ላሲክስ፣ በመድኃኒት ስሙ ፍሮሴማይድ፣ የሚዘጋው ሁለተኛውን ኬላ ነው። እዚያ በር ላይ ያለው ፕሮቲን አንድ ሶዲየም፣ አንድ ፖታሲየምና ሁለት ክሎራይድ አብረው ካልቀረቡለት አያሳልፍም። ፍሮሴማይድ በሩ ውስጥ ተሰክቶ ያስቆመዋል። በአፍ ሲወሰድ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና ስድስት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ የንግድ ስሙም የወጣለት ከዚሁ ስድስት ሰዓት ነው ይባላል። እናትሽ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዋጡ 7 ሰዓት ገደማ በሩ ተመልሶ ይከፈታል። ቀሪው 18 ሰዓት የኩላሊቱ ነው።

ኩላሊቱ ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጨው መፍሰሱ ሲታወቅ ሰውነት አልዶስቴሮንንና መሰሎቹን ሆርሞኖች ያበዛል፤ ኬላዎቹ ከወትሯቸው አጥብቀው መቅረጥ ይጀምራሉ። ልክ በዚያ ሰዓት ጨው የበዛበት እራት ከቀረበ ከጠዋት እስከ ቀትር የወጣው በሙሉ ሊመለስ ይችላል። ሽንት ቤት መመላለሳቸው መድኃኒቱ እንደሠራ ያሳያል፤ እግራቸው አለመጉደሉ ደግሞ የምሽቱን ሒሳብ።

ሒሳቡን በሚታወቅ ነገር እናስላው። ሆስፒታል አልጋ ራስጌ የሚንጠለጠለው ኖርማል ሳላይን በአንድ ሊትሩ 9 ግራም ጨው አለው፤ በሰውነታችን ያለው ፈሳሽም ጨዋማነቱ ለዚያ የተጠጋ ነው። ስለዚህ ሰውነት ያስቀረው እያንዳንዱ 9 ግራም ጨው አንድ ሊትር ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ሚዛን ላይ አንድ ኪሎ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ አፉ ላይ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። ወጡ ላይ የጨመራችሁትን ብቻ ከቆጠራችሁ ትሳሳታላችሁ። ሲፈጭ ጨው የገባበት በርበሬና ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ የሾርባ ኩብ፣ የሱቅ ዳቦ፣ ጨው የተነሰነሰበት ቆሎ፣ ሁሉም ከዚያችው ማንኪያ ላይ ይታሰባሉ። በርበሬ በሚቀጥለው ስታስፈጩ የእሳቸውን ያለ ጨው ለብቻ ማስፈጨት ብዙ ያቃልላል።

አትበላም ላልሽው ደግሞ፣ ወጡን ያለ ጨው አብስላችሁ የእናትሽን ድርሻ አስቀድማችሁ ቅዱ፤ ለቤተሰቡ የሚቀረው ላይ ጨምሩ። ከዚያ የእሳቸውን የቀን ጨው፣ ለምሳሌ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ጠዋት በቡና ሲኒ ለክታችሁ መሶቡ አጠገብ አስቀምጡላቸው። ምግቡ ከቀረበ በኋላ ራሳቸው ቆንጥረው ይነስንሱበት። ወጥ ውስጥ ሟሙቶ የተበተነ ጨው ምላስ ላይ ይደክማል፤ ላዩ ላይ ያለው ግን ትንሹም ይሰማል። ሲኒው ባዶ ሲሆን የቀኑ አለቀ። ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ እንደ ልብ ነው። ምላስም በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል።

ጨው ተቀንሶም እብጠቱ ካልጎደለ ወደ መጠኑ እንመጣለን። ላሲክስ መነሻ አለው፤ ከመነሻው በታች በሩን አይዘጋውም፣ ከጣሪያው በላይም መጨመሩ ብዙ አያተርፍም። ስለዚህ አርባውን ለሁለት ሰብሮ ሃያ ጠዋት፣ ሃያ ከሰዓት መውሰድ ብልሃት ይመስላል እንጂ ሁለቱም ከመነሻው በታች ሊቀሩ ይችላሉ። ሐኪም በቀን ሁለት ጊዜ ሲያዝ የሠራውን መጠን እንዳለ ይደግመዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት 12 ወይም 1 ሰዓትና ከቀኑ 8 ሰዓት። ሌላው ነገር አንጀት ነው። ልብ ሲደክም የአንጀት ግድግዳም ስለሚያብጥ ኪኒኑ በዝግታ ይሰርጋል። ሲጀመርም በአፍ ከተወሰደ ፍሮሴማይድ ደም የሚደርሰው በአማካይ ግማሹ ነው፤ ልዩነቱም ከሰው ሰው ሰፊ ነው። «ኪኒኑ እምቢ አለ፣ መርፌው ሠራ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ 20 ሚሊ ግራም ከ40 ሚሊ ግራም ኪኒን ጋር የሚመጣጠነውም ለዚሁ ነው።

እብጠቱን በዓይን ከመገመት ሚዛን ይሻላል፦ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በስስ ልብስ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን። ፒያሳ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግተው የሚመዝኑት ልጆች ለጨዋታ ያህል ጥሩ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን ዛሬ በጫማና በጋቢ፣ ነገ በሌላ ሚዛን፣ ያውም በተንጋደደ ንጣፍ ላይ ሲሆን ስሕተቱ ብቻ እብጠቱን ይሸፍነዋል። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያው የቱቦ ክፍል 65 ከመቶ ሶዲየም የሚመልስ ከሆነ፣ እዚያ የሚሠራ መድኃኒት ከላሲክስ በእጥፍ መብለጥ አልነበረበትም? እዚያ የሚሠራው አሴታዞላማይድ ግን ደካማ ነው ተብለን ነው የተማርነው። (ከቸርችል ጎዳና አካባቢ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ያልገባበት የኬላዎቹ ቅደም ተከተል ነው። አሴታዞላማይድ አንደኛው ኬላ ላይ ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ይይዛል፤ ሶዲየምም የደምን አሲድ ከሚያለዝበው ባይካርቦኔት ጋር ያመልጣል። ያመለጠው ግን ወዲያው ሁለተኛው ኬላ እጅ ይወድቃል፤ ያ ኬላ ደግሞ የመጣለት በበዛ መጠን የሚቀርጠውም ይበዛል። እሱን ያለፈውን ሦስተኛው ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ባይካርቦኔት ሲፈስ ደሙ ወደ አሲድነት ስለሚያደላ፣ የሚጣራው ባይካርቦኔት ራሱ እየቀነሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ መድኃኒቱ ሥራ ያጣል። ዛሬ በብዛት የሚታወቀውም ለዓይን ግፊትና ለከፍታ ሕመም ነው።

ሌላ ምክንያትም አለ፤ ክፍል ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፍ ቢሆንም ለእኛ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ቱቦው ከሁለተኛው ኬላ ሲወጣ ተመልሶ የገዛ ማጣሪያውን አንገት ታክኮ ያልፋል። እዚያ መታከኪያ ላይ ማኩላ ዴንሳ የሚባሉ ሴሎች ተቀምጠው የሚያልፈውን ጨው ይቀምሳሉ። ከበዛባቸው ማጣሪያው ከልክ በላይ እየሠራ ነው ብለው ወደ እሱ የሚገባውን የደም ሥር ያጠቡታል። አንደኛውን ኬላ የሚዘጋ መድኃኒት ይህንን ጠባቂ ይቀሰቅሳል፤ የሚጣራው ይቀንስና የመድኃኒቱ ጥቅም አብሮ ይቀንሳል። ጠባቂው ጨው የሚቀምስበት ምላስ ግን ሁለተኛው ኬላ በር ላይ ያለው ያው ፕሮቲን ነው። ላሲክስ በሩን ሲዘጋ የጠባቂውንም ምላስ ያደነዝዛል። ጨው በአጠገቡ እየጎረፈ ጠባቂው መንገዱ የደረቀ ይመስለዋል፤ እንዲያውም ጨው ያነሰ መስሎት አልዶስቴሮንን የሚቀሰቅሰውን ሬኒን ያስለቅቃል። ከላይ የጠቀስነው የ18 ሰዓቱ አጸፋ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ከሁለተኛው ኬላ ወዲያ የቀሩት ሁለቱ ተደምረው 8 ከመቶ ቢቀርጡ ነው። ላሲክስ ያሳለፈውን ጎርፍ መያዝ አይችሉም። ስለዚህ ላሲክስ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከተጣራው ሶዲየም እስከ 20 ወይም 25 ከመቶ ሊያስወጣ ይችላል፤ ሦስተኛውን የሚዘጉት ታያዛይዶች፣ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት፣ 5 ከመቶ ገደማ፤ አራተኛው ላይ የሚሠሩት 2 ወይም 3። ወራት ሲቆይ ግን ሦስተኛው ኬላ የሚመጣለትን ጎርፍ ለመቀበል ሴሎቹን ያፋፋል። ላሲክስ «ለመደኝ» የሚለው በሽተኛ ውስጥ አንዱ የሆነው ይህ ነው፤ ሐኪም ታያዛይድ ጨምሮ ሦስተኛውንም የሚዘጋውም ለዚህ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰጡ በጣም ኃይለኞች ስለሆኑ በቀናት ውስጥ የፖታሲየምና የሶዲየም ምርመራ የግድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ፋርማሲ ስትቆም ይጠቅምሃል። ሁለተኛው ኬላ የቀረጠውን ጨው በኩላሊቱ እምብርት ያከማቻል፤ ሽንትን የሚያወፍረው ያ ክምችት ነው። ላሲክስ ክምችቱን ስለሚንደው ሽንቱ ይቀጥናል። ታያዛይድ ክምችቱን አይነካም፤ የሚያበላሸው ሽንትን የማቅጠን ችሎታን ነው። ስለዚህ ታያዛይድ የሚወስዱ አዛውንት ውሃ አብዝተው ሲጠጡ ውሃው አይወጣላቸውም፤ የደማቸው ሶዲየም ይወርዳል። ራስ ምታት፣ መንገዳገድ፣ ነገር መዘባረቅ ይከተላል፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። «የሽንት መድኃኒት ስለጀመርሽ ውሃ በደንብ ጠጪ» የሚለው የቤተሰብ ምክር የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ካልሲየም ላይም ይለያያሉ፤ ላሲክስ ወደ ሽንት ያፈስሰዋል፣ ታያዛይድ ያስቀረዋል። የካልሲየም የኩላሊት ጠጠር ለሚመላለስበት ሰው ታያዛይድ ሲታዘዝ ብታይ አትደነቅ።

ጥያቄ፦ ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ። ሌሊት ባቴ እየተኮማተረ ያስነሣኛል። ጎረቤቴ «ፖታሲየም አልቆብህ ነው፤ የኔ ኪኒን ፖታሲየም አያስወጣም» ብሎ ከራሱ ስፓይሮኖላክቶን ሰጠኝ። ሙዝም በቀን አራት አምስት እበላለሁ። ልክ ነኝ? (ከልደታ)

መልስ፦ የጎረቤትዎን ኪኒን ዛሬውኑ ይመልሱላቸው። ምናልባት ስለ ፖታሲየሙ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን ሳይለካ የተደረገ ግምት ነው፣ አደጋውም በተቃራኒው በኩል አለ።

ፖታሲየም የሚጠፋው አራተኛው ኬላ ላይ ነው። እዚያ ሶዲየም ብቻውን በጠባብ ቀዳዳ ይገባል፤ የኤሌክትሪክ ሙላቱን ይዞ ስለሚሄድ በምትኩ ፖታሲየም ወደ ሽንት ይሳባል። ላይኛው ኬላ ሲዘጋ ወደ አራተኛው የሚወርደው ሶዲየም ይበዛል፣ ልውውጡም ይበዛል። አልዶስቴሮን ደግሞ ቀዳዳዎቹን ያበዛል። እንግዲህ ጨው በበሉ ቁጥር የሚለወጠው ፖታሲየም ይጨምራል፤ ለተኮማተረ ባት ከአምስት ሙዝ ይልቅ ወጡ ላይ የተቀነሰ ጨው ሊረዳ የሚችልበት ጊዜ አለ።

ስፓይሮኖላክቶን አልዶስቴሮንን ስለሚገታ ልውውጡን ያቀዘቅዛል፤ ሙሉ ሥራው የሚታየውም ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው። ግን እርስዎ የሚወስዱት ኢናላፕሪልም አልዶስቴሮንን ይቀንሳል። ሁለቱ ተደርበው፣ ሙዙ ታክሎበት፣ ኩላሊትዎም ትንሽ ደክሞ ከሆነ ፖታሲየም ይከማቻል። ጤነኛው ልክ በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ነው፤ 6ን ሲያልፍ ልብ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ምቱ ሊዛባ፣ ሊቆምም ይችላል። ስፓይሮኖላክቶን በሥርዓቱ ሲጀመር ፖታሲየምና የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሪያቲኒን ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እንደገና በወሩ ይለካሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ «ሶዲየሙ የተቀነሰ» ተብሎ የሚሸጠው ጨውም አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ የተቀላቀለበት ስለሆነ እርስዎ ሳይጠይቁ አይጠቀሙበት። ወንድ ለሆነ ሰው ደግሞ ስፓይሮኖላክቶን ጡት ሊያሳብጥና ሊያሳምም ይችላል፤ ይህን ሳይነግሩት የሚሰጡት ብዙ ናቸው።

ባትዎን በተመለከተ ፖታሲየም፣ ሶዲየም፣ ክሪያቲኒንና ከተገኘ ማግኒዥየም ይለኩ። ማግኒዥየም ካነሰ ፖታሲየም ቢሞላም አይረጋም። ውጤቱን ይዘው ሲሄዱ ሐኪሙ የሃይድሮክሎሮታያዛይዱን መጠን ወደ 12.5 ሊያወርደው ይችላል፤ ለግፊት ብዙ ጊዜ እሱም ይበቃል።

ጥያቄ፦ አባቴ ላሲክስ ለሁለት ዓመት በደንብ ሲሠራላቸው ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ዲክሎፌናክ ጀምረዋል፤ አሁን ሽንቱም ቀንሷል፣ ፊታቸውም ያብጣል። ግንኙነት አለው? (ከተክለ ሃይማኖት)

መልስ፦ አለው፤ በሁለት በኩል። ፍሮሴማይድ በሩን የሚዘጋው ከቱቦው ውስጥ ሆኖ ነው፤ በደም በኩል መጥቶ አይዘጋውም። ደም ውስጥ አልቡሚን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚዞር ደግሞ በማጣሪያው አያልፍም። አንደኛው ኬላ አካባቢ ያሉ ፓምፖች ከደም ለቅመው ወደ ቱቦው ይተፉታል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በእነዚሁ ፓምፖች ላይ ይሻሙታል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን የኩላሊትን የደም ሥር ከፍቶ የሚያቆየውን ፕሮስታግላንዲን መቀነሳቸው ነው፤ ያለ እሱ የኩላሊት ደም ፍሰት ይጠብባል፣ ቱቦውም ጨው አጥብቆ ይይዛል። አባትዎ በዚያ ላይ ኢናላፕሪል ወይም መሰሉን የሚወስዱ ከሆነ ሦስቱ አብረው ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊያደክሙ የሚታወቁ ናቸው።

ዲክሎፌናኩን ያቁሙላቸው፤ ለጉልበቱ ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ ይጠይቁ። በዚሁ ሳምንት ክሪያቲኒን ያስለኩ። ፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ ሲገዙ ላሲክስ እንደሚወስዱ ቀድመው ይናገሩ፤ ባለሙያው ካልነገሩት አያውቅም።

ጥያቄ፦ ለግፊት አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም ከጀመርኩ ወዲህ ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል። ላሲክስ ገዝቼ ሁለት ሳምንት ወሰድኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ለውጥ የሌለው የተከማቸ ጨው ስለሌለ ነው። አምሎዲፒን ወደ ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚገባውን ቧንቧ ያሰፋል፤ የሚወጣውን በዚያው ልክ አያሰፋም፤ ግፊቱ ፈሳሹን ወደ ቁርጭምጭሚት ይገፋዋል። የትኛውንም የጨው ኬላ ቢዘጉ ይህ አይስተካከልም፤ ትርፉ መድረቅና ፖታሲየም ማጣት ነው። ላሲክሱን ይተዉት፤ ሐኪምዎ አምሎዲፒኑን ወደ 5 ሊያወርደው ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት ሊጨምርበት ይችላል። እብጠቱ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ ወይም ባትዎ ካመመና ከሞቀ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያን ቀን ይታዩ።

ጥያቄ፦ ቢራም ያሸናል፣ ቡናም ያሸናል። እንግዲህ ለግፊት እነሱም መድኃኒት ናቸው ማለት ነው? (ከአራዳ፣ «ለጓደኞቼ ውርርድ»)

መልስ፦ ውርርዱን ተሸንፈዋል። አልኮል የሚያሸናው ኩላሊት ውሃ እንዲያስቀር የሚያዘውን ሆርሞን ስለሚያፍን ነው፤ የሚወጣው ውሃ ነው፣ ጨው ባለበት ይቀራል። በማግሥቱ የሚጠማዎትም ለዚህ ነው። ቡና ትንሽ ጨው ያስወጣል፤ ዘወትር የሚጠጣ ሰው ግን ይለምደዋል። ክርክሩን የሚዘጋው ሌላ ነው፦ አልኮል ሲዘወተር ግፊትን ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ሱቅ አለኝ፤ ቤቴ ሳሪስ ነው። ጠዋት ላሲክስ ውጬ ታክሲ ስይዝ ለገሃር ሳልደርስ ሽንቴ ያስጨንቀኛል። ስለዚህ አንዳንድ ቀን እዘለዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ማታ እወስደዋለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም ግራ ይገባኛል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ኪኒኑ ከቁርስ ጋር መወሰድ አለበት የሚል ሕግ የለም። ላሲክስ ኃይሉ የሚበረታው ከተዋጠ በኋላ በአንደኛውና በሁለተኛው ሰዓት ነው፤ ከሦስተኛው ሰዓት ወዲያ ይቀላል። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ የሚሆኑበትን ሰዓት ከእነዚያ ሁለት ሰዓታት ማውጣት ነው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት የሚወጡ ከሆነ ወይ 11 ሰዓት ላይ ሲነሡ ይዋጡት፣ ወይ በኪስዎ ይዘው 3 ሰዓት ላይ ሱቅ ሲደርሱ። ሁለተኛው የሚያዋጣው በአቅራቢያዎ የሚገቡበት ሽንት ቤት ካለ ነው። የመረጡትን ሰዓት አይለዋውጡት። ማታ መውሰድ እንቅልፍ ያሳጣል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው በጨለማ ወደ ሽንት ቤት ሲሮጥ የሚወድቀውም በዚህ ነው። መዝለሉ ከሁሉ ይብሳል፤ የ18 ሰዓቱን አጸፋ 42 ሰዓት ያደርገዋል።

ጾሙን በተመለከተ፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ጠዋት ላሲክስ ከወሰዱ ከተቀመጡበት ሲነሡ ራስዎ ሊዞር፣ ዓይንዎ ሊጨልም ይችላል። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሰዓቱን ማዛወር ወይም መጠኑን ማስተካከል ይቻላል። ለታመመ ሰው ውሃ ስለመቅመስ የንስሐ አባትዎን ቢያማክሩም መልስ ያገኛሉ። ከጾሙ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የጾሙ ወጥ ነው፤ ሥጋና ቅቤ ሲቀር የጎደለውን ጣዕም ጨው እንዲሞላው ይደረጋል።

ትውከትና ተቅማጥ ከያዘዎት ሰውነት በሌላ በኩል ጨውና ውሃ እያጣ ስለሆነ፣ ማሸኛውም ሆነ ኢናላፕሪልን የመሰለው መድኃኒት ለጊዜው ይቁም እንደሆነ በዚያው ዕለት ይጠይቁ። የረሱትን ኪኒን እስከ 10 ሰዓት ካስታወሱ ይውሰዱት፤ ከዚያ ካለፈ ይተዉትና ነገ በሰዓቱ አንዱን ብቻ ይዋጡ።